ዳገት ላይ የሚታነቅ ሞዲፋይድ ፒካፕ፦ የታንክ ውስጥ ፓምፕ ችግርና መፍትሄ

ይሄን የምጽፈው ካርቡሬተር የነበረውን የድሮ ሃይሉክሳቸውን ሞተር አውጥተው ኢንጀክሽን ለገጠሙ፣ ወይ ተርቦ ጨምረው ታንክ ውስጥ ትልቅ ፓምፕ ላስገቡ የቤንዚን ፒካፕ ባለቤቶች ነው። ናፍጣ የምትነዱ ጉዳዩ ይለያል፣ የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ ታንኩ ውስጥ ፓምፕ የለውም፣ ሞተሩ ላይ ያለው ፓምፕ ራሱ ነው ስቦ የሚያመጣው።

ድሬ ላይ መኪና ወደ ሐረር የሚያስወጣውን የደንገጎን ዳገት ጀምሮ ትንፋሽ ካጠረው ወዲያው "ፓምፑ ነው" ይባላል፣ አዲስ ይገዛል፣ አዲሱም ያው ሲሆን "ፎርጅድ ሸጡልህ" ይባልና ሌላ ይገዛል። አቦ ይሄ ብር ነው እኮ! ፓምፑ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። የሚያንሰው የሚደርሰው ኤሌክትሪክ ነው፣ ወይ ታንኩ ነው፣ ወይ ደግሞ ታንኩ ውስጥ ያለችው ስንዝር የማትሞላ ጎማ ቱቦ ናት። ስለዚህ ፓምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ቮልት የሚለካ ቴስተርና የነዳጅ ግፊት ጌጅ ያዙ፣ የሌላችሁ ተዋሱ፣ ያለነሱ የሚደረገው ሁሉ ግምት ነው። ለማገናዘብ ያህል ካርቡሬተር ከ3 እስከ 6 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ ያለው የግፊት መለኪያ) ይበቃዋል፣ ኢንጀክሽን ግን 40 እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ በባር 3 ገደማ ማለት ነው።

ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል

ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ጌጁ 40 ምናምን ካሳየ ብዙ ሰው "ግፊቱ አለ" ብሎ ይተወዋል። ሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚጠጣው በጣም ትንሽ ስለሆነ የደከመ ፓምፕም ግፊቱን ይይዛል፣ የሚጋለጠው ጭነት ይዛችሁ ሙሉ ረግጣችሁ ስትወጡ ነው። ስለዚህ ጌጁን ረዘም ባለ የነዳጅ ቱቦ አውጡና ከፊት መስታወቱ ውጪ በፕላስተር ለጥፉት፣ ካቢን ውስጥ በፍጹም አታስገቡት፣ ቤንዚን የያዘ ቱቦ ነው። አንዱ ይንዳ ሌላው ጌጁን ያንብብ። ሲረገጥ ግፊቱ ከወረደ የነዳጅ ችግር ነው፣ ካልወረደ ፓምፑን ተዉትና ወደ ካንዴላው፣ ወደ ቦቢናው፣ ወደ አየር ፊልትሮው ሂዱ። የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር የቫኪውም ቱቦ የተሰካበት ከሆነ እንደውም ሲረገጥ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ ተርቦ ካለው ደግሞ ተርቦው በጨመረው ልክ ይጨምራል።

ግፊቱ ወረደ እንበል። መጀመሪያ ቮልት። ሞተሩ እየሰራ፣ የፓምፑ ሶኬት ሳይነቀል፣ ቴስተሩን ከሶኬቱ ጀርባ አስገብታችሁ ፓምፑ ጋ ያለውን ለኩ፣ ከዛ ባትሪው ላይ ለኩ። ግማሽ ቮልት ልዩነት ቢኖር ችግር የለውም፣ ከ1 ቮልት በላይ ከጎደለ ግን ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ባትሪው ላይ 14 ሆኖ ፓምፑ ጋ 11 ሲደርስ ፓምፑ ይዞራል፣ ድምጹም ይሰማል፣ የሚገፋው ቤንዚን ግን በጣም ይቀንሳል። 255 ሊትር በሰዓት የሚባለው ፓምፕ 3 ባር ላይ ከ7 እስከ 8 አምፔር አካባቢ ይስባል፣ የድሮው ቀጭን ሽቦ ደግሞ ለዚህ አልተዘረጋም። ካርቡሬተር የነበረው መኪና እንዲያውም ጭራሽ የፓምፕ ሽቦ ስላልነበረው ሰራተኛው በቅርብ ካገኘው ከኋላ መብራት መስመር ቀጥሎ ይሰጠዋል፣ ይሄ ስራ አይደለም፣ መኪና ማቃጠል ነው።

መፍትሄው ሪሌ ነው፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን መስመር የሚከፍት ማብሪያ ማለት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ አውጡ፣ እዛው ባትሪው አጠገብ የ15 ወይ የ20 አምፔር ፊውዝ አስገቡ፣ በሪሌው አሳልፋችሁ ፓምፑ ጋ አድርሱ። ኔጋቲቩን ሻንሲው ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ በታየበት ቦታ በብሎን እሰሩ፣ ግማሹ ችግር እኮ ኔጋቲቩ ላይ ነው ያለው። ሪሌውን የሚያበራው ግን የሞተሩ ኮምፒውተር ለፓምፑ የሚሰጠው መስመር ይሁን፣ ከቁልፍ ቀጥታ አትስጡት። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሲጠፋ ፓምፑን ይቆርጠዋል፣ ከቁልፍ የተሰጠ ፓምፕ ግን መኪናው ተገልብጦ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እንኳን ከተቆረጠ ቱቦ ቤንዚን ሲረጭ ይቆያል። በነዛ የደንገጎ ጥምዝምዞች ለምትመላለሱ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው። ሌላው፣ አንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች፣ 1ዩዜድን ጨምሮ፣ ፓምፑን በሁለት ፍጥነት ነው የሚነዱት፣ ሞተር ሲቀየር ይሄ መስመር በቅጡ ካልተገናኘ ፓምፑ ሁሌ ዝቅተኛው ላይ ይቀራል፣ ቮልቱን ስትለኩ ይታያችኋል።

ቮልቱ ሙሉ ከሆነ መጠኑን ለኩ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ90ዎቹ ቶዮታዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ባለችው የመመርመሪያ ሳጥን ኤፍፒ (FP) እና ፕላስ ቢ (+B) የሚሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ስታገናኙ ቁልፉ ኦን ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ ፓምፑ ይሰራል። የመመለሻውን ቱቦ (ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንክ የሚመልሰውን) ንጹህ ጀሪካን ውስጥ አስገብታችሁ 30 ሴኮንድ ቁጠሩ፣ 255 ማለት በደቂቃ 4 ሊትር ተኩል እንኳ የማይሞላ ነው፣ ስለዚህ ወደ 2 ሊትር የተጠጋ ካገኛችሁ ፓምፑ ደህና ነው፣ 1 ሊትር ካልሞላ ግን የነዳጅ ፊልትሮውን ቀይራችሁ ድገሙት። አሁንም ያው ከሆነ ነው ፓምፑ የሚጠየቀው። ይሄን ስትሰሩ ከቤት ውጪ፣ ሲጋራ የሌለበት፣ ሞተሩ የቀዘቀዘበት፣ አጠገባችሁ እሳት ማጥፊያ።

ስንት ሊትር ፓምፕ ይበቃል?

ሰው ሁሌ ትልቁን ነው የሚፈልገው። አንድ የፈረስ ጉልበት ሙሉ ሲረገጥ በሰዓት ከ0.3 ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ቤንዚን ይፈልጋል። የቶዮታው 3አርዜድ ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው፣ ወደ 50 ሊትር፣ 1ዩዜድ 250 ቢሆን ወደ 80 ሊትር ነው። ስለዚህ ተርቦ ለሌለው ሞተር 255 ሊትሩ ከበቂ በላይ ነው፣ 450ው ለከባድ ተርቦ እንጂ ለኛ ሃይሉክስ ጥቅሙ አይታየኝም። ጉዳቱ ግን ይታየኛል፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ችግሮች የሚያመጣው እሱ ነው።

ከቀየርኩ በኋላ ጥቁር ጭስ፣ የቤንዚን ሽታ፣ ፍጆታ ጨመረ

ሞተሩ የማይጠጣው ቤንዚን በሬጉሌተሩ በኩል ወደ ታንክ መመለስ አለበት። የድሮው መመለሻ ቱቦ ቀጭን ነው፣ ትልቁ ፓምፕ የሚገፋውን አያሳልፍም፣ ስለዚህ ግፊቱ ራሱን እየጨመረ 50 ከዛም 60 ይገባል፣ ኢንጀክተሩም ያለ ኮምፒውተሩ እውቀት ብዙ ይረጫል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ የመመለሻውን ቱቦ ከሬጉሌተሩ ነቅላችሁ በወፍራም ቱቦ ወደ ጀሪካን አውርዱ፣ ግፊቱ ወዲያው ወደ ልኩ ከተመለሰ ቱቦው ነው፣ ካልተመለሰ ሬጉሌተሩ ነው። ቱቦው ከሆነ ወፍራም ዘርጉ፣ ሬጉሌተሩ ከሆነ የሚስተካከል አይነት ግጠሙ፣ ወይ ደግሞ ሁለቱንም ትታችሁ ፓምፑን አሳንሱት፣ እኔ ይሄኛውን ነው የምመርጠው።

ቀትር ላይ ቆሞ ሲነሳ ይንተፋተፋል

ይሄ የድሬ በሽታ ነው። ታንኩ ሩብ ላይ ነው፣ ከሳቢያን ከፊራ እያላችሁ ትንሽ ተመላለሳችሁ፣ ትልቁ ፓምፕ ያቺኑ ትንሽ ቤንዚን ሞተር ክፍል እያደረሰ እየመለሰ አጋላት፣ አስፓልቱም ከስር ያግላል። ከዛ ቀጥታ ዳገት። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2000 ይጠጋል፣ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ የጋለ ቤንዚን ደግሞ ግፊት ሲቀንስ ቶሎ ይተናል። ፓምፕ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ምልክቱ ታንኩ በኩል የሚሰማ ከፍ ያለ ጩኸትና የሚወዛወዝ ጌጅ ነው።

ከዳገት በፊት ታንኩን ከግማሽ በላይ አድርጉ፣ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው። ቱቦው ከማርሚታው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ አርቁት፣ ማራቅ ካልተቻለ መሀላቸው ቆርቆሮ ከልሉ። ፓምፑ እግር ላይ ያለችውን ወንፊት እዩ፣ እሷ ከተደፈነች በቀጭን ስትሮ ወፍራም የአቮካዶ ጁስ እንደመሳብ ነው፣ ፓምፑ ሲጎትት እንፋሎቱን ራሱ ይፈጥረዋል። ፓምፑን ከታንክ ውጪ ሻንሲ ላይ ያሰራችሁ ካላችሁ ደግሞ ይሄ ችግር አይለቃችሁም፣ እንዲህ ያለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም፣ ወደ ውስጥ አስገቡት።

ጠዋት ብዙ ሞተሪኖ መትቶ ነው የሚነሳው

ቁልፉ ኦን ሲሆን ፓምፑ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰራበት መኪና ከሆነ፣ ቁልፉን ኦን አድርጋችሁ ሁለት ሴኮንድ ጠብቁ፣ አጥፉ፣ ሁለት ሶስቴ ድገሙት፣ ከዛ ወዲያው ከተነሳ ግፊቱ ሌሊት እየፈሰሰ ነው። ሞተር ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጌጁ ላይ ቢያንስ 20 ፒኤስአይ ገደማ መቅረት አለበት። ከዚህ ከወረደ ወይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፓምፑ ቫልቭ ነው፣ ወይ ሬጉሌተሩ፣ ወይ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ወይ ደግሞ መጀመሪያ ያልኳት ታንክ ውስጥ ያለችው ቱቦ። ተራ የነዳጅ ቱቦ ውስጡ ቤንዚን እንዲያልፍ እንጂ ውጪው ቤንዚን ውስጥ እንዲዘፈቅ አልተሰራም፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዛ ይሰነጠቃል። ታንክ ውስጥ ለመዘፈቅ ተብሎ የተሰራ ቱቦ አለ፣ ውድ ነው፣ እሱን ግዙ፣ ቱቦውን የሚያስረውን ፋሸታም በደንብ አጥብቁ።

ከሩብ በታች ኩርባ ላይ ይቆረጣል

የካርቡሬተር ታንክ ውስጥ ቤንዚኑን ፓምፑ ዙሪያ የሚይዝ ጎድጓዳ ቤት የለውም፣ ስለዚህ ኩርባና ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ይጎርሳል። ወንፊቷ ወለሉን እስክትነካ ፓምፑን ዝቅ አድርጉ፣ ወይ የኢንጀክሽን ሃይሉክስ ታንክ ፈልጋችሁ ቀይሩ። ስትመልሱ ወንፊቷ የነዳጅ መለኪያውን ተንሳፋፊ አለመንካቷን እዩ፣ ከነካችው ዳሽቦርዱ ግማሽ እያለ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ።

ፊውዝ ይበላል፣ ሶኬት ይቀልጣል

ፊውዙን በትልቅ አትተኩ። የተደፈነ ፊልትሮ ፓምፑን ስለሚያስጨንቀው አምፔር ይጨምራል፣ እሱን ቀይሩ። የታንኩ ክዳን ላይ ያለው የድሮ ሶኬት ከቀለጠ ደግሞ ክዳኑን ጭምር ቀይሩት እንጂ ሽቦውን በላስቲክ ጠምጥማችሁ አትለፉት፣ ታንክ ላይ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

አዲሱ ፓምፕ በወራት ይሞታል

ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን እንገዛለን፣ ውሃም አቧራም ይዞ ይመጣል። በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሉት፣ ከማጥለላችሁ በፊት ጀሪካኑን አቁሙትና ውሃው ይዝቀጥ፣ የታችኛውን ሁለት ጣት አትቅዱ። የድሮ ታንክ ዝገትም አለ፣ አዲስ ፓምፕ ዝገት ውስጥ ከገባ የማንም ኦሪጅናል አይተርፍም። ታንኩን አውርዳችሁ አሳጥቡ፣ ቀዳዳ ካለው ግን ቤንዚን የነበረበትን ታንክ በሳልዳቱራ አታስነኩ፣ ባዶ ነው የሚባለው ታንክ ነው የሚፈነዳው፣ ውስጡ የቀረው እንፋሎት ይበቃዋል። ሌላ ታንክ ፈልጉ። ታንኩ ታጥቦ ከተመለሰ በኋላ ሁለት ሶስት ታንክ ቤንዚን እንዳለቀ ፊልትሮውን አውጡና ገቢው በኩል ያለውን ቤንዚን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት፣ ቡናማ ዱቄት ካያችሁ ታንኩ ገና አልጠራም፣ ፊልትሮውን ቀይሩና ድገሙት።