ከዜሮ የሚነሣ ማርክ፦ ቅየሳ ለሚያስተምሩ

የሌቭል (የከፍታ መለኪያ መሣሪያ) ንባብ ሰንጠረዥን ወረቀት ላይ አሳምሮ ሞልቶ፣ ሜዳ ሲወጣ መሣሪያውን ማስተካከል የሚያቅተውን ተማሪ ቅየሳ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ለዚህ ነው የተከታታይ ምዘናዬን 50 ማርክ ወደ ጨዋታ የለወጥሁት። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ሊ ሼልደን በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ጨዋታ ንድፍ ሲያስተምር ሁሉም ተማሪ ከዜሮ ተነሥቶ ነጥብ እንዲያጠራቅም አድርጎ ነበር።

የማጠቃለያ ፈተናውን አትንኩት፤ ከሬጅስትራር ጋር መጨቃጨቅ ምን ያደርጋል? ስሌቱም ቀላል ይሁን፦ 20 ነጥብ 1 ማርክ፣ 1000 ነጥብ ሙሉው 50። ሥራ ግን እስከ 1500 ነጥብ የሚያስገኝ አዘጋጁ፤ ስሌት የሚያዳግተው በካርታ ሥራ እንዲያካክስ። ነጥብ ሲጠራቀም የሚደረስባቸውን ደረጃዎች በቡድኑ የሥራ ድርሻ ሰይሙ፦ ዘንግ ያዥ፣ መዝጋቢ፣ ቀያሽ፣ ዋና ቀያሽ። ቶታል ስቴሽኑን (ማዕዘንና ርቀት የሚለካውን ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) የሚነካው ቀያሽ የሆነ ብቻ ነው። ይህ ከማርኩ ይበልጥ ያሯሩጣቸዋል።

ዋናው ሥራ የከፍታ ልኬት ነው። ቡድኑ ከፍታው ከታወቀ ምልክት ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍቱን ይዞርና እዚያው ይመለሳል። በመነሻውና በመመለሻው ከፍታ መካከል የተፈቀደው ልዩነት፣ በሚሊ ሜትር፣ 12 በኪሎ ሜትር በተለካው ርቀት ስኩዌር ሩት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ዙሩ 0.4 ኪሎ ሜትር ከሆነ 7.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። የ6 ሚሊ ሜትር ልዩነት ያመጣ 150 ነጥብ ይወስዳል። 23 ያመጣ ምንም አይቀነስበትም፤ ዘንጉን ተሸክሞ እንደገና ይዞራል። በተለመደው አሠራር 4 ከ10 ተሰጥቶት ይሄድ ነበር፤ ሕንፃ የሚቆምበትን ቦታ ለክቶ የሚያመላክት ሰው ግን 4 ከ10 ትክክል ሊሆን አይችልም።

ማጭበርበር ይኖራል፣ አትጠራጠሩ። ቢሮ ተቀምጦ ቁጥሩን እስኪገጥም የሚያስተካክል አይጠፋም። ስለዚህ የሜዳ መዝገብ ላይ ላጲስ ክልክል ነው፤ የተሳሳተው ንባብ በአንድ መስመር ይሰረዝና ትክክለኛው ከላይ ይጻፋል። እኔ ደግሞ ከመዝገቡ ሁለት ምልክቶች መርጬ በመካከላቸው ያለውን የከፍታ ልዩነት ፊቴ አስለካለሁ። ካልተቀራረበ ነጥብ የለም።

የደረጃ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ። ከላይ ያሉትን ሦስት አራት ሰዎች ያስደስታል፣ የቀረውን ያስኮርፋል። እያንዳንዱ የራሱን ነጥብ ብቻ ይወቅ። ለመገኘት ብቻም ነጥብ አትስጡ፤ ወንበር ማሞቅ ቅየሳ አይደለም።

ድጋሚ ልኬት ከማጠቃለያ ፈተናው ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይዘጋ። አለበለዚያ ክፍሉ በሙሉ በመጨረሻዋ ዓርብ ያሉትን ጥቂት ሌቭሎች ይሻማል፣ የመሣሪያ ክፍሉም ኃላፊ እናንተን ይፈልጋል።