ጉዳዩ ስትራስቡርግ ወይም አሩሻ ሳይደርስ የሚበላሽባቸው ስህተቶች

ጀማሪ ጠበቆች ስትራስቡርግ ላለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወይም አሩሻ ላለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት የሚያዘጋጁትን ረቂቅ አቤቱታ ስቀበል መጀመሪያ የማነበው ስለ አገር ውስጥ መፍትሔዎች፣ ማለትም አመልካቹ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ስለሞከራቸው አቤቱታዎች፣ የተጻፈውን አንቀጽ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ ናት፦ የሦስት ፍርድ ቤቶች ስም፣ የሦስት ውሳኔዎች ቀን፣ ከዚያም «ስለዚህ ሁሉንም አሟጠናል» የሚል መደምደሚያ። ስለ ጥሰቱ ግን አሥራ አምስት ገጽ ተጽፏል። የመንግሥት ጠበቃ አሥራ አምስቱን ገጽ ትቶ በሁለቱ መስመሮች ላይ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያውን ያቀርባል፤ መዝገቡም እዚያው ይዘጋል።

ሰብሲዲያሪቲ የሚባለው መርህ መብትን የማስከበር የመጀመሪያው ኃላፊነት የየአገሩ መንግሥትና የየአገሩ ዳኛ መሆኑን ይደነግጋል። ዓለም አቀፉ ችሎት ከእነርሱ በኋላ የሚመጣ ደጋፊ ነው፤ አመልካች መጀመሪያ የአገሩን መፍትሔዎች አሟጥጦ እንዲመጣ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 በሃንዲሳይድ ጉዳይ በግልጽ ተናግሮታል፤ በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ፕሮቶኮል 15 ደግሞ በአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት መግቢያ ውስጥ አስገብቶታል።

ደግሜ ደጋግሜ የማየውና የሚያስቆጣኝ ስህተት ፍርድ ቤቶቹን አሟጥጦ ክርክሩን አለማሟጠጥ ነው። ደንበኛው እስከ ሰበር ደርሷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሰበር አቤቱታው ላይ የተጻፈው ስለ ማስረጃ ምዘና ብቻ ነበር። ስትራስቡርግ ሲደርስ ግን «ምስክሮቹን እንድጠይቅ አልተፈቀደልኝም» ይላል። ይህን ቅሬታ የትኛው የአገሩ ዳኛ ሰማው? ማንም! ታዲያ ያልሰማውን ነገር እንዴት ያርመው? በካርዶ እና በፈረንሳይ መካከል በነበረው ጉዳይ በ1991 የሆነው ይኸው ነው። አመልካቹ አብረውት የተጠረጠሩትን ሰዎች በምስክርነት የመጠየቅ ዕድል አጣሁ ቢልም፣ ጉዳዩን በአገሩ ፍርድ ቤቶች ፊት በአግባቡ ስላላነሳ አቤቱታው ውድቅ ሆኗል። የስምምነቱን አንቀጽ በቁጥር መጥቀስ ግዴታ አይደለም፤ የቅሬታው ፍሬ ነገር መነሳቱ ይበቃል። ግን መነሳት አለበት፤ በጽሑፍ፣ በአገሩ የሥነ ሥርዓት ሕግ በተቀመጠው ጊዜና መልክ።

ይህን ያህል የምቆጣው እኔም ስላደረግሁት ነው። ያለ ጠበቃ የተመረመረ ደንበኛ ነበረኝ። በሁለት የይግባኝ እርከኖች ስለ ማስረጃው ብቃት ብቻ ተከራከርሁለት፤ የጠበቃውን ነገር የጻፍሁት ለዓለም አቀፉ ችሎት ሳመለክት ነው። የመንግሥት መልስ ከአንድ ገጽ አላለፈም፤ ትክክልም ነበር። ለደንበኛው ያንን ቀን ማስረዳት እስካሁን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝ ነው። ስለዚህ ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነው፦ የዓለም አቀፉ አቤቱታ ረቂቅ በአገር ውስጥ የመጀመሪያው የመከላከያ መልስ በሚጻፍበት ዕለት ይጀመራል።

«ፍርድ ቤቱ ሕጉን በስህተት ተረጎመ» ብሎ መሄድ ሌላው ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ ችሎት አራተኛ ደረጃ ይግባኝ ሰሚ አይደለም። ስህተቱ የትኛውን መብት እንደጣሰ ካልተጻፈ አይሂዱ።

ተስፋ ቆርጦ መቅረትን በተመለከተ ከጀማሪዎች ጋር ብዙ እከራከራለሁ። «ዳኞቹ እንደማይቀበሉን እናውቃለን» ማለት አይበቃም፤ ጥርጣሬ ብቻውን ከግዴታው ነፃ አያወጣም። በሌላ በኩል መርህ ነው ተብሎ የሞተ በር ሲያንኳኩ መክረምም ተገቢ አይደለም። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በ2000 በጃዋራ ጉዳይ መፍትሔው የሚገኝ፣ ውጤታማና በቂ መሆን እንዳለበት አስቀምጧል። አመልካቹ ከሥልጣን የተወገዱ የጋምቢያ ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ለሕይወታቸው እየሰጉ አገራቸው ተመልሰው ክስ እንዲመሠርቱ አልተጠበቀባቸውም። የኢንተር አሜሪካን ፍርድ ቤትም በ1988 በቬላስኬዝ ሮድሪጌዝ ጉዳይ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የታሰረበት ቦታ መገለጽ አለበት ከተባለ፣ የት እንዳለ ለማይታወቅ ሰው መፍትሔ ሊሆን እንደማይችል አስረድቷል። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ እቆማለሁ፤ ልጁን የሚፈልግ ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ ንገሩን ሲባል! ማስረዳቱም ሁሉ በአመልካቹ ላይ አይወድቅም። መፍትሔ ነበረ የሚለው መንግሥት መጀመሪያ መኖሩን ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ነው አመልካቹ መጠቀሙን ወይም መፍትሔው የማይረባ መሆኑን የሚያስረዳው።

የጊዜ ገደቡን በልዩ አቤቱታ አታባክኑ። ስትራስቡርግ የሚሰጠው አራት ወር ነው፤ ቀድሞ ስድስት ወር ነበር። መዝገቡ እንደገና ይታይልኝ የሚሉ ልዩ አቤቱታዎች በመርህ ደረጃ ቆጠራውን አያቆሙትም።

የሰብሲዲያሪቲን መርህ ከማመዛዘን ወሰን ጋር፣ ማለትም መብትን ከሌሎች ጥቅሞች ጋር ሲያመዛዝኑ ለመንግሥታት ከሚተውላቸው የመወሰን ነፃነት ጋር፣ አንድ አድርገው የሚጽፉም አሉ። ዝምድና አላቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ማሰቃየት በተከለከለበት ቦታ ምንም የማመዛዘን ወሰን የለም፤ የአገር ውስጥ መፍትሔን የመሞከር ግዴታ ግን እዚያም አለ። ወሰኑ የሚሰፋው የአገሩ ተቋማት በእውነት ሲያመዛዝኑ ነው። ብሪታንያ በእስረኞች የመምረጥ መብት ላይ በሂርስት ጉዳይ በ2005 ስትረታ፣ ፍርድ ቤቱ ፓርላማዋ ጉዳዩን መርምሮ እንዳልተከራከረበት ጠቅሷል። በ2013 በፖለቲካ ማስታወቂያ ክልከላ ላይ ግን ፓርላማዋ በጥልቀት ስለመከረበት በ9 ለ8 ድምፅ ረትታለች። የአገሩን የምክር ቤት ቃለ ጉባኤ የማያነብ ጠበቃ የክርክሩን ግማሽ ለተቃራኒ ወገን ይተዋል።

በመጨረሻም ሁሉም ችሎት አንድ ዓይነት ደንብ ያለው አይምሰላችሁ። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበረሰብ የሆነው የኢኮዋስ ፍርድ ቤት የአገር ውስጥ መፍትሔ ይሟጠጥ ብሎ አይጠይቅም፤ ሃዲጃቱ ማኒ በባርነት ተይዛ በመቆየቷ ኒጀርን በ2008 እዚያ ረታለች። አሩሻ ያለው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ይጠይቃል፤ ግለሰብ በቀጥታ እንዲከስም የተከሳሹ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ባቋቋመው ፕሮቶኮል አንቀጽ 34(6) መሠረት የግለሰቦችን ክስ የማየት ሥልጣኑን እቀበላለሁ የሚል መግለጫ መስጠት አለበት። ፍርድ ቤቱ በ2009 በሰጠው የመጀመሪያ ውሳኔው ሴኔጋል ይህን መግለጫ ባለመስጠቷ በእርሷ ላይ የቀረበውን ክስ የማየት ሥልጣን የለኝም ብሏል። መግለጫቸውን የሳቡ አገሮችም ስላሉ፣ አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት የዛሬውን ዝርዝር ተመልከቱ።