ጥያቄዎቹን ኢንዴክስ አድርጉ

የማሳወቂያ ሲስተም ለምትሠሩ ወዳጆቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዲስ የመኪና ማስታወቂያ በጄሶን (ሲስተሞች ዳታ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጸት) በገባ ቁጥር የ100,000 ተመዝጋቢዎችን ፍላጎት በሉፕ አንድ በአንድ አትፈትሹ። ሰርቨሩን የሚያንቀው ይሄ ነው።

ነገሩን ገልብጡት። ኢንዴክስ የሚደረጉት (ቶሎ እንዲገኙ በማውጫ የሚመዘገቡት) ጥያቄዎቹ፣ ማለትም የተመዝጋቢዎቹ ፍላጎቶች ናቸው። አንድ ደንበኛ «ጂምኒ፣ አዲስ አበባ፣ አውቶማቲክ» ካለ፣ ሦስቱንም ለየብቻ ሃሽ ቴብል (ቃሉን ስትሰጡት ከሥሩ ያለውን ወዲያው የሚያወጣ ሠንጠረዥ) ውስጥ አስገቡ። ከእያንዳንዱ ሥር የደንበኛውን መለያ ቁጥር ጻፉ። ማስታወቂያ ሲመጣ በውስጡ ያሉትን ቃላት ብቻ ፈልጉ፤ በእያንዳንዱ ቃል ሥር ለተገኘ ደንበኛ ሁሉ አንድ ነጥብ ስጡ። 3 ነጥብ የሞላለት መልእክቱ ይድረሰው።

«ከ2 ሚሊዮን ብር በታች» ዓይነቱ ግን በሃሽ አይሆንም። የዋጋ ገደቦቹን ደርድሩና በባይነሪ ሰርች (ዝርዝሩን እየደጋገሙ ለሁለት በመክፈል) ፈልጉ።

እኔ በጣም የምወደው ዘዴ ደግሞ አለ። ጥያቄውን ብዙ ሰው በማይጠይቀው ቃል ሥር ብቻ መዝግቡት። «አዲስ አበባ»ን ሁሉም ይጽፈዋል፤ እሱ ሥር ካስቀመጣችሁት ያው ሉፕ ሆነ ማለት ነው። «ጂምኒ» ሥር አድርጉት። የቀሩትን ሁለቱን ጂምኒ ሲመጣ ብቻ ታዩአቸዋላችሁ።

ኢላስቲክሰርች የሚባለውን የፍለጋ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፐርኮሌተር የሚባለው ነገር በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከባዶ ከመጀመራችሁ በፊት እሱን ሞክሩት።