የጠበቃ የጥቅም ግጭት ተቃውሞ መብትዎን በመዘግየት እንዳያጡ
በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሲከራከሩ የቀድሞ ጠበቃዎ በዚያው ወይም በተያያዘ ጉዳይ ለተቃራኒ ወገን ቆሞ ካገኙት፣ ተቃውሞዎን ወዲያውኑ በጽሑፍ ያሳውቁት፤ ራሱን ካላገለለ ከክርክሩ እንዲወጣ ለፍርድ ቤቱ አቤቱታ ያቅርቡ። የዘጠነኛው ቀጠና የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1983 እ.ኤ.አ. በትረስት ኮርፖሬሽን ኦፍ ሞንታና እና በፓይፐር ኤርክራፍት መዝገብ፣ ግጭቱን እያወቀ ሳይቃወም ከ2 ዓመት በላይ የቆየ የቀድሞ ደንበኛ መብቱን እንደተወ ቆጥሮታል። ዳኞች የሚመዝኑት ግጭቱን መቼ እንዳወቁ፣ ለምን እንደዘገዩ፣ በዚያን ጊዜ ሌላ ጠበቃ እንደነበረዎትና ተቃራኒው ወገን ጠበቃውን ቢያጣ የሚደርስበትን ጉዳት ነው፤ ስለዚህ ያወቁበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ያስቀምጡ። ተቃውሞን እስከ ችሎቱ ዋዜማ ማቆየት፣ በእኔ እይታ፣ ከሁሉ የከፋው ስልት ነው፤ ዳኛው ሆን ተብሎ የተደረገ ማጓተት አድርጎ ሊያየው ይችላልና።