የካናቢስ ሱስን የሚያክም መድኃኒት እንዴት ይዘጋጃል፣ እንዴትስ ይፈተሻል?

ለካናቢስ ሱስ መድኃኒት ለማግኘት የተነሣ ቡድን አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው መድኃኒቱ ምን እንዲለውጥ እንደሚፈለግ ነው፦ ታካሚው ጨርሶ እንዲያቆም፣ የሚያጨስባቸው ቀናት እንዲቀንሱ፣ ወይስ ባቆመ ሰሞን የሚመጣበት እንቅልፍ ማጣት፣ ብስጭትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት እንዲቀልለት? እነዚህ ግቦች አንዱ ሲሳካ ሌላው አብሮ ላይመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ በታተመና 156 ጎልማሶች በተሳተፉበት ሙከራ ድሮናቢኖል የተባለው መድኃኒት የማቋረጥ ሕመሙን ቢያስታግሥም፣ ካናቢስን በማስተው ረገድ ግን ከፕላሴቦ (መድኃኒት መስሎ ከሚሰጥ ግን ምንም መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ) አልተሻለም።

ቀጥሎ የሚመጣው መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚነካ መለየት ነው። ቲኤችሲ የተባለው የካናቢስ አስካሪ ንጥረ ነገር የሚሠራው ሲቢ1 በተባለው ተቀባይ፣ ማለትም በአንጎል ሕዋሳት ላይ ሆኖ መልእክቱን በሚቀበል ፕሮቲን ላይ ስለሆነ፣ ይህን ተቀባይ መዝጋት ቀላል መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ተቀባዩን የሚዘጋውና በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2006 ለውፍረት ሕክምና የተፈቀደው ሪሞናባንት ድብርትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ስላስከተለ በ2008 ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ የትኛውም ዓይነት ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮ የተሳታፊውን ስሜት መጠየቅ ለነገ የማይባል ግዴታ ነው።

በእንስሳትና በጥቂት ጤነኛ ሰዎች ላይ ደኅንነቱ ከታየ፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴም ከፈቀደ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ የሰጡ ታካሚዎች በዕጣ ለመድኃኒቱ ወይም ለፕላሴቦ ይመደባሉ፤ ማን የትኛውን እንደወሰደ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቁም። ለሁሉም አንድ ዓይነት የምክር አገልግሎት ይሰጣል። የማቋረጥ ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ጀምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚበረታ፣ ሕመሙን ለማስታገሥ የታሰበ መድኃኒት ከማቆሚያው ቀን በፊት ወደ ሙሉ መጠኑ ቢደርስ ይመረጣል።

ብዙ ጥንቃቄ የሚሻው ልኬቱ ነው። ቲኤችሲ በስብ ውስጥ ስለሚጠራቀም፣ ለዓመታት በየቀኑ ያጨስ የነበረ ሰው ካቆመ ከ3 ሳምንት በኋላም ሽንቱ ካናቢስ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ሰው «አላቆመም» ብሎ መመዝገብ እሱንም መድኃኒቱንም መበደል ነው። በአንጻሩ ጠዋት ብዙ ውሃ የጠጣ ሰው ሽንት ስለሚቀጥን፣ ሲያጨስ የሰነበተውን ነጻ ሊያስመስለው ይችላል። ስለሆነም በሽንቱ የተገኘው የካናቢስ መጠን ብቻውን አይነበብም፤ የሽንቱን መቅጠን ከሚያሳየው ክሪያቲኒን ከተባለው የሰውነት ቆሻሻ ጋር ተነጻጽሮ ከሳምንት ሳምንት መቀነሱ ይታያል፣ ተሳታፊውም በቀን መቁጠሪያ ላይ ያጨሰባቸውን ቀናት እንዲያመለክት ይደረጋል። ሙከራውን አቋርጠው የሚቀሩ ሰዎች እንዴት እንደሚቆጠሩም የመጀመሪያው ተሳታፊ ከመግባቱ በፊት ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ የቀሩትን ከስሌቱ ማውጣት ደካማውን መድኃኒት ብርቱ ሊያስመስለው ይችላልና።

የመጀመሪያው መልካም ውጤት ሲገኝ ደስታው የሚገባ ቢሆንም፣ የሁለተኛው ሙከራ ዕቅድ አብሮ መዘጋጀት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ በወጣው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 21 ከሆነ 116 ወጣቶች መካከል ኤን-አሴቲልሲስቴይን የወሰዱት ከካናቢስ ነጻ የሆነ ሽንት የመስጠት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ይኸው መድኃኒት በ302 ጎልማሶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ ሲታተም ግን፣ ነጻ የሆነው ሽንት መድኃኒቱን ከወሰዱት ዘንድ 22.3 በመቶ፣ ፕላሴቦ ከወሰዱት ዘንድ 22.4 በመቶ ሆኖ ተገኘ።