ባሎቹን ለቅመን ሚስቶቹን ረሳን፦ በቱታ ወጥመድና መድኃኒት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቱታ አብሶሉታ የተባለው፣ ትሉ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚበላ የእሳት እራት ኢትዮጵያ ውስጥ መግባቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከዚያ ወዲህ አምራቹ ለፌሮሞን (በጠረን ለሚያባብል) ወጥመድም ለመድኃኒትም ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። ወጥመዱም መድኃኒቱም በቦታቸው ከዋሉ ጠቃሚ ናቸው። ችግሩ አንዱን በሌላው ሥራ ላይ ማሰማራታችን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በመቂም በቆቦም ማሳ ለማሳ ስዞር የማያቸው ናቸው። ሁሉም እኩል አያናድዱኝም፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ቦታ አላገኙም።

ወጥመዱን እንደ መግደያ መቁጠር

በወጥመዱ ውስጥ የምትቀመጠው ትንሽ የጎማ ቡሽ የያዘችው ሴቷ የእሳት እራት የምትለቀውን ጠረን አስመስሎ የተሠራ ቅመም ነው። ሴቷ ለመጋባት ስትዘጋጅ ከሆዷ ጫፍ ካለው እጢ ጠረኑን ትለቃለች፤ ወንዱም በአንቴናው እያሸተተ ነፋሱን ተቃውሞ እየበረረ ይመጣል። ወደ ወጥመዱ የሚገባው እንግዲህ ወንዱ ነው። በዕድሜዋ እስከ 260 እንቁላል የምትጥለው ሴቷ ግን ቅጠሉ ላይ ሥራዋን ቀጥላለች።

አንድ ጠንካራ አምራች በማሳቸው ዙሪያ በሳሙና ውሃ የተሞሉ ሳህኖችን ደርድረው፣ በየማለዳው የሞቱትን እየለቀሙ ለጎብኚ ሁሉ ያሳዩ ነበር። ቲማቲማቸው ግን ቅጠሉ ተቃጥሎ ፍሬው ተበሳስቷል። «ይኸው፣ ሬሳው በእፍኝ ነው! ታዲያ ማነው የሚበላብኝ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ባሎቹን ለቅመዋል፤ ሚስቶቹስ?» አልኳቸው። ሳቁ፤ ግን ነገሩ አላሳቃቸውም፤ ለሳህንና ለማባበያ ያወጡት ገንዘብ ቀላል አልነበረም።

አንድ ወንድ ከአንዷ ጋር ብቻ ተጋብቶ አያበቃም። ከመንደሩ ኮርማዎች ዘጠኙ ቢታረዱ እንኳ የቀረው አንዱ ላሞቹን ሁሉ ያዳርሳል፤ ቱታም ዘንድ እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የቤልጂየም ተመራማሪዎች ሥራ፣ በላቦራቶሪ ለብቻቸው የተያዙ ድንግል ሴቶች ያለ ወንድ የሚፈለፈል እንቁላል ሊጥሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። ክፍት በሆነ ማሳ ደግሞ ከጎረቤት የሚመጣው ወንድ ማለቂያ የለውም። በወጥመድ ብዛት ተባዩን መቀነስ የተሻለ ዕድል ያለው መረብ በተገጠመለት ግሪንሃውስ ውስጥ ነው፤ እዚያም ቢሆን ብቻውን አይበቃም።

ታዲያ ወጥመዱ ለምን ይጠቅማል? ጊዜውን ለማወቅ ነው። የእሳት እራቶቹ መብረር የጀመሩት መቼ ነው? ቁጥራቸው ካለፈው ሳምንት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ወጥመዱ የሚመልሰው ይህን ነው። ቁጥሩ ሲጨምር የመጀመሪያው ሥራ ማሳ ገብቶ ቅጠል መግለጥ ነው፤ መርጫ ማንሳት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ወጥመዱ ባዶ ነው ብሎ መተኛት

ባዶ ወጥመድ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ቡሿ አርጅታ ይሆናል፤ እንደ አሠራሯ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብታገለግል ነው፣ በቆላ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ሌሊቱ ብርዳማ ወይም ነፋሻማ ሆኖ ይሆናል። ተባዩ እጅግ በበዛበት ማሳም የወጥመዱ ቁጥር ከእውነታው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ በየቅጠሉ ሥር እውነተኛ ሴቶች ጠረን እየለቀቁ ወንዱ ጎማ ፍለጋ የሚሄድበት ምክንያት የለውምና።

ሌላም ብዙ ሰው የማይጠብቀው ምክንያት አለ፤ ያልገደለ መድኃኒት ማሽተትን ይለውጣል። በፈረንሳይ በጥቁር ቆራጭ ትል ወንድ የእሳት እራቶች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ ክሎቲያኒዲን የተባለው መድኃኒት በዝቅተኛ መጠን ሲሰጣቸው ለሴቷ ጠረን ያላቸው ምላሽ ቀንሷል። መጠኑ ከዚያ ከፍ ሲል ግን ምላሹ ጨምሯል። የዚሁ ዝርያ ወንድ ከተጋባ በኋላ እስከሚቀጥለው ሌሊት ድረስ ለጠረኑ ደንታ ቢስ ይሆናል። ቱታም ልክ እንዲሁ ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን በተረጨ ማግስት ወጥመዱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ «ጨረስናቸው» ብሎ ለሚደውልልኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ወንዶቹ ሞተው ይሁን ማሽተት ተስኗቸው ይሁን አይለይም። በማሳው ላይ በሰያፍ ተሻገሩ፣ ከየቦታው ቅጠል ቁረጡ፣ ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ትሉ በቅጠሉ ውስጥ በቦረቦረው መስመር ሕይወት ያለው ትል መኖር አለመኖሩን እዩ።

የበቆሎ ተምች ወጥመድ በሚሰቀልበት ከፍታ መስቀል

ለመጤው የበቆሎ ተምች የሚመከረው አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። ቱታ ግን ዝቅ ብሎ ስለሚበር ወጥመዱም ዝቅ ይበል፤ ሳህን ከሆነ መሬት ላይ ይቀመጥ።

በወጥመድ የገባውን ሁሉ መቁጠር

የበቆሎ ተምች ነገር ከተነሣ፣ ለእርሱ የተሠራው ማባበያ በአፍሪካ ውስጥ ሎሬይ የተባለውን ሌላ የእሳት እራት እየጠራ አሳስቷል፤ የሁለቱ ጠረን ይቀራረባል። ሳይለዩ ቆጥሮ ሪፖርት መጻፍ ወረዳውን በሙሉ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። የክንፉን ምልክት የማያውቅ ሰው አንድ ሁለቱን በብልቃጥ ይዞ ለሚያውቅ ያሳይ።

ቡሿን በባዶ እጅ መንካት

ጓንት አድርጉ። የተምቹን ቡሽ በነካ እጅ የቱታውን መንካት ሁለቱንም ያበላሻል። ትርፎቹ እንደታሸጉ በማቀዝቀዣ ይቀመጡ፤ በመስኮት ዳር ፀሐይ ሲመታቸው ከከረሙ ሱቆች አትግዙ። ያረጀችውንም ቡሽ ማሳ ውስጥ አትጣሏት፤ የተረፋት ጠረን ከአዲሷ ጋር ይሻማል።

ጠርሙስ እየቀየሩ መድኃኒት የቀየሩ መምሰል

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ገበሬው ይመጣና «ሦስት ዓይነት መድኃኒት ቀያይሬ ረጨሁ፣ አንዱም አልሠራ አለኝ» ይላል። ጠርሙሶቹን አምጡ እላለሁ። ይመጣሉ፤ አንዱ አረንጓዴ ምልክት አለው፣ ሌላው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ነብር ተሥሎበታል። ጀርባቸውን ሳነብ ሦስቱም ላምዳ ሳይሃሎትሪን ናቸው! ሦስት ስም፣ ሦስት ዋጋ፣ አንድ መድኃኒት። በአውሮፓና በብራዚል በተመረመሩ የቱታ መንጋዎች ዘንድ ላምዳ ሳይሃሎትሪን ያለበትን የፓይሬትሮይድ ወገን መድኃኒቶች የሚያስችላቸው የዘረመል ለውጥ በሰፊው ተገኝቷል። እኛ ደግሞ ያንኑ በሦስት ጠርሙስ ገዝተን እንረጫለን። የተረፈልን ትሉን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት መጨረስ ብቻ ነው።

ገበሬውን ብቻ አልወቅስም። በመሸጫው መስኮት የቆመው ልጅ ራሱ «ይሄኛው አዲስ ነው፣ ይበረታል» ብሎ የሰጠው ነው። ባለሙያ ነኝ የሚለውም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የንግድ ስሙን ነው። የንግድ ስም የገበያ ነው፤ ትሉ የሚያውቀው ንጥረ ነገሩን ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን አዙሩና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ መድኃኒቱ ተባዩን በምን መንገድ እንደሚያጠቃ የሚነግር የአሠራር ምድብ ቁጥር አለ፦ ፓይሬትሮይዶች 3፣ ስፒኖሳድና ስፒኔቶራም 5፣ አባሜክቲንና ኢማሜክቲን ቤንዞኤት 6፣ ኢንዶክሳካርብ 22፣ ክሎራንትራኒሊፕሮልና ፍሉቤንዲያማይድ 28። ቁጥሩ ካልተቀየረ ምንም አልቀየራችሁም። ቅልቅል ሆነው የሚሸጡትንም ተጠንቀቁ፤ ክሎራንትራኒሊፕሮልን ከላምዳ ጋር አዋህዶ የያዘ ጠርሙስ ስትገዙ ከ28 አልወጣችሁም።

28 ቁጥርን ለይቼ የጠራሁት በምክንያት ነው። ሲመጣ ቱታን አንበርክኮ ነበር፤ ስለዚህም ሁሉም በእርሱ ላይ ተረባረበበት። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ከሲሲሊ የተሰበሰቡ ቱታዎች ይህንኑ ወገን በከፍተኛ ደረጃ እንደሚቋቋሙ ሪፖርት ወጣ። እያንዳንዱ ትል መድኃኒት እየለመደ አይሄድም። በመጀመሪያው ርጭት ከመቶ ጥቂቱ በተፈጥሮው ይተርፋል፤ የሚወልደውም የተረፈው ነው። ደግመን በዚያው ስንረጭ የልጆቹን ደካሞች ገድለን ጠንካሮቹን እንመርጣለን።

በየርጭቱ መቀያየር

ከላይ ያለውን ያነበበ ጎበዝ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ዛሬ 28፣ በሳምንቱ 5፣ በሌላው ሳምንት 6። ብልሃት ይመስላል። ነገር ግን ቱታ በ27 ዲግሪ ሙቀት ትውልዱን የሚጨርሰው በ24 ቀን ገደማ ነው፤ በ14 ዲግሪ ደግሞ 76 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በየሳምንቱ ስንቀያይር ያንኑ አንድ ትውልድ በሁሉም መድኃኒት እየመታን፣ የሚተርፈውን ሁሉንም የቻለ አድርገን እናሳድጋለን። የሚመከረው ለአንድ ትውልድ ያህል ጊዜ፣ በቆላ ለ30 ቀን ያህል፣ በአንድ ምድብ መቆየት፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ትውልድ ሌላ ምድብ መያዝ፣ ወደ መጀመሪያውም ቶሎ አለመመለስ ነው። በአንዱ ወር ውስጥም የምትረጩት ወጥመዱና ቅጠሉ ሲያስገድዱ እንጂ ሳምንት ስለሞላ አይደለም። የወጥመዱ ቁጥር እዚህ ላይ ዋጋውን ያወጣል፤ አዲሱ ትውልድ መብረር መጀመሩን የምታዩት በእርሱ ነውና። ቁጥሩ ከጨመረ ከጥቂት ቀን በኋላ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ መድረስ የሚቻለው ያኔ ነው።

የቅጠሉን ፊት ብቻ ማርጠብ

ትሉ የሚኖረው በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ነው። ላዩን የተረጨ ፓይሬትሮይድ አያገኘውም፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሚዘልቅ መድኃኒት ምረጡ፣ የቅጠሉን ሥርም አርጥቡ። በባክቴሪያ የተሠራውን ቢቲ የምትጠቀሙ ደግሞ አመሻሽ ላይ ርጩ፤ ፀሐይ ያበላሸዋል።

በክዳን መለካትና ሁሉንም በአንድ ማደባለቅ

ክዳን መለኪያ አይደለም። ሦስት መድኃኒት በአንድ መርጫ የሚያደባልቅ ሰው የትኛው እንደሠራ ፈጽሞ አያውቅም፤ ለሚቀጥለው ወርም የሚቀይረው አይተርፈውም። እጁንና ሳንባውን ሳንጨምር ነው፤ ከርጭት እስከ ለቀማ መጠበቅ ያለበትን ቀን ሳይጠብቅ ደላላ ስለመጣ ብቻ ስለሚጭነው ሰውም ብዙ ማለት ይቻላል።

የተጣለ ፍሬን በማሳው ዳር መከመር

ለቀማ ሲያበቃ የተበሳው ቲማቲም በቦዩ ዳር ይከመራል፤ አሮጌው ተክል እዚያው ይደርቃል፤ አጠገቡ አዲስ ችግኝ ይተከላል። በዚያ ክምር ውስጥ ያለው ትል ፑፓ (ከትል ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ሆኖ፣ ክንፍ አውጥቶ፣ ወደ ችግኙ ለመሻገር ብዙ አይደክምም። ከዚያ ወጥመዱ ሲሞላ «ከየት መጣ?» ይባላል። ክምሩን በጥልቀት ቅበሩት፣ ካልሆነም በፕላስቲክ አጥብቃችሁ ሸፍናችሁ ፀሐይ እንዲያፍነው አድርጉ። በቦዩ ዳር የበቀሉትን አውጥና አስተናግር ንቀሉ፤ ቱታ ቲማቲም ባጣ ጊዜ እነርሱም ላይ ይኖራል። አዲሱንም ችግኝ ነፋስ ከአሮጌው ማሳ ወደሚነፍስበት በኩል አትትከሉ።