በአዲስ ቤት የመጀመሪያው ገናና ጥምቀት፦ ችግሩ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ወዳሠራነው ቤት የገባነው በጥቅምት መጨረሻ፣ የግድግዳው ቀለም ገና ሽታው ሳይለቅ ነበር። በዚያው ዓመት ገናንና ጥምቀትን ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ሳንሆን እንግዳ ተቀባይ ሆነን አከበርን። በእነዚያ ሳምንታት የገጠመን ችግር ሁሉ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ምልክቱ የሚታየው በበዓሉ ዋዜማ ወይም በዕለቱ ሲሆን፣ ምክንያቱ ግን ከብዙ ቀናት በፊት፣ አንዳንዴም ቤቱ በሚሠራበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከምልክቱ ተነሥቼ ወደ ምክንያቱ፣ ከዚያም ወደ መፍትሔው እሄዳለሁ። ለሕይወት የሚያሰጋውን አስቀድሜዋለሁ።

ከቡና በኋላ የቤቱን ሰው ሁሉ ራስ ምታት ሲይዘው

የገና ዕለት ማታ ከደብረ ታቦር የመጡት አማቴ ሳሎን ተኝተው ነበር። ብርድ እንዳይነካቸው ብዬ የቡናውን ከሰል ከነምድጃው እግራቸው አጠገብ ትቼላቸው ገባሁ። ሌሊት ውኃ ልጠጣ ስነሣ፣ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ቤቱ ዞረብኝ» አሉኝ። ከሰሉ አመድ ለብሶ ነበር፤ ጭስም ሽታም አልነበረውም። በርና መስኮቱን ከፍተን፣ እሳቱን አውጥተን፣ እርሳቸውን በረንዳ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ከዚያም ሲነጋ ሳንጠብቅ ወደ ሕክምና ወሰድናቸው።

ምክንያቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደም ቀይ ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰውነት እየተነፈሰ ይታፈናል። ብዙ ሰው ከሰል አደገኛ የሚሆነው ሲጨስ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አመድ ለብሶ ፍም የሆነውም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ወላጆቻችን ባደጉበት የጭቃ ቤት በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ስላለ ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበር። የእኛ ቤት የብሎኬት ግድግዳ፣ የጂፕሰም ኮርኒስና አጥብቆ የሚዘጋ የአሉሚኒየም መስኮት ያለው በመሆኑ የገባው ጋዝ አይወጣም። በዚያ ላይ የባሕር ዳር ቀን ሞቃት ቢሆንም በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሲሚንቶው ገና በደንብ ያልደረቀ አዲስ ቤት ደግሞ ብርዱን ያብሰዋል። ሰው ወደ ከሰል የሚጠጋውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቡናን መተው አይደለም። ቡና በረንዳ ላይ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይፈላ፤ እንዳበቃም ፍሙ ከነምድጃው ውጭ ወጥቶ በውኃ ይጥፋ። ለመኝታ ብርድ ልብስና ጋቢ ይጨመር እንጂ ከሰል ወደ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካቅለሸለሻቸው ወይም ካዞራቸው፣ የመጀመሪያው ሥራ ሁሉንም ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ራሱን የሳተ ካለ በአፉ ወተትም ሎሚም ሳይሰጠው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

መብራቱ ሲደበዝዝ፣ ብሬከሩ ሲጥል፣ ምጣዱ አልግል ሲል

እነዚህ ሦስቱ አንድ ችግር ይመስላሉ፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ስለሆነ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ምጣዱ በተሰካ ቁጥር ብሬከሩ የሚጥል ከሆነ ጭነቱ ከመስመሩ በላይ ሆኗል ማለት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ የተለመደው ሶኬት ሊሸከም የሚችለው ደግሞ ቢበዛ 16 አምፔር ነው። በዚያው መስመር ላይ ማቀዝቀዣና ምድጃ ከተጨመሩ ጭነቱ ከመስመሩ አቅም ያልፋል። ብሬከሩ ሲጥል ሥራውን እየሠራ ስለሆነ፣ በትልቅ ብሬከር መለወጥ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እንዲጋይ መፍቀድ ነው። ትክክለኛው መንገድ ለምጣዱ ብቻ ከማከፋፈያ ሳጥኑ የሚነሣ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦና የራሱ ብሬከር ያለው መስመር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስዘርጋት ነው። ይህ ግድግዳው ሳይለሰን ቢታሰብ እጅግ በረከሰ ነበር፤ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለባለሙያው ንገሩት።

ብሬከሩ ሳይጥል ሶኬቱ የሚግል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ከሆነ ግን ችግሩ የላላ ብሎን ወይም የሳሳ ዲቫይደር ነው። ላላ ያለ ግንኙነት ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይላላል። ምጣድ በዲቫይደር አይሰካ። የጠቆረ ሶኬትም ይለወጥ እንጂ አይጠገን። ምጣዱ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ የመሬት ሽቦው አልተገናኘም ወይም ሊጥ ወደ ሽቦው ገብቷል፤ ሁለቱም እስኪስተካከሉ ድረስ ምጣዱ ይነቀል።

ሦስተኛው ምልክት እኛን ይበልጥ ያስቸገረን ነው። ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ በገና ዋዜማ ምጣዱ አልግል አለ፤ እንጀራውም ሳይበስል ደረቀ። ባለቤቴ ሽቦውን ሁሉ ፈትሾ ምንም ሲያጣ ቆጣሪው ጋ ቮልቱን ለካውና 180 ሆኖ አገኘው። ምክንያቱ ከቤታችን ውጭ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ጥዷል። የምጣድ ሙቀት በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ፣ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ሙቀቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድላል። ለዚህ የሚጠገን ዕቃ የለም፤ የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። እንጀራው ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ወይም ሠፈሩ ገና ሳይነሣ ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ ይጋገር።

እንጀራው ሲጣበቅና ዓይኑ ድፍን ሲሆን

እንጀራው ከምጣዱ አልነሣ ብሎ የሚቀደድ ከሆነ ምጣዱ አልሟሸም። አዲስ ምጣድ በደንብ ግሎ፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየተነሰነሰበት በማሰሻ ደጋግሞ መታሸት አለበት፤ መልኩ ጠቁሮ እስኪያብረቀርቅ ድረስ አንድ ቀን ሙሉ ሊወስድ ይችላል። ይህን በዋዜማው የጀመረ ሰው ሰንበሌጥ የመሰለ ቅዳጅ እንጀራ ያቀርባል።

ዓይኑ ድፍን የሆነ እንደሆነ ግን ጥፋቱ የምጣዱ ሳይሆን የሊጡ ነው። በግንቦት በሁለት ቀን የሚደርስ ሊጥ በታኅሣሥ ብርድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይጨምራል። ቡሃቃው በቀዝቃዛ ሴራሚክ ላይ ተቀምጦ ከሆነም ይበልጥ ይዘገያል። ከወለሉ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከቀድሞው ቤት የመጣውን እርሾ በዛ አድርጎ መጨመርና አብሲቱን ለብ እንዳለ መመለስ ይበጃል።

ጠላው አልፈላ ሲል

ጌሾው ከዘጌ የመጣ፣ ብቅሉም ጥሩ ሆኖ ሳለ ጥንስሱ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። አማቴ ገና ሲገቡ የጠየቁኝ «ልጄ፣ ጋኑን አጥነሽዋል?» ብለው ነበር። አዲስ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ፣ ደጋግሞ ታጥቦ፣ ከዚያም በወይራ ጭስ ካልታጠነ የሸክላ ጣዕም ይሰጣል፤ ያዣልም። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ አጥኜው ነበርና የመጀመሪያውን ጠላ ደፋነው። ለመጀመሪያው በዓል አገልግሎት ያየ ጋን ከዘመድ ወይም ከጎረቤት መዋስ ከሁሉ ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብርዱ ነው። ጋኑ ከሴራሚኩ ተለይቶ በማቶት ላይ ይቀመጥ፣ በብርድ ልብስም ይሸፈን፤ እንዲሞቅ ተብሎ ግን የፈላ ውኃ አይጨመርበት፤ እርሾውን ይገድለዋል። ፈልቶ ከኮመጠጠ ደግሞ አፉ በደንብ አልተመረገም፤ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ የኮመጠጠ ጠላ አይመለስም። ጥንስሱ ከበዓሉ ከሁለት ሳምንት ያላነሰ አስቀድሞ መጀመር ስላለበት ቀኑን ወደ ኋላ መቁጠር ያሻል፤ እዚህ ላይ ገና ታኅሣሥ 29 ቢሆንም በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚውል አትርሱ፤ ቀጣዩም 2020 ዓ.ም. ነው።

ሰው ሲንሸራተት

ከሐይቁ ዳር የመጣ ቄጤማ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ በሴራሚክ ላይ ሲጎዘጎዝ ወለሉ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ የጭቃ ወለል ውኃውን ይመጠው ነበር፣ ሴራሚክ ግን አይመጥም። ቄጤማውን ሌሊቱን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ማሳደር፣ በሩ መግቢያ ላይና አረጋውያን በሚያልፉበትም አለመጎዝጎዝ በቂ ነው።

ቅርጫው ሞልቷል ሲባልና ባልና ሚስት በትንሹ ሲጨቃጨቁ

ለሠፈር አዲስ የሆኑ ባልና ሚስት ለገና ሥጋ ሲሉ ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ «ሰው ሞልቷል» ይባላሉ። ይህ ጥላቻ አይደለም፤ በሬው የሚመደበው በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል አስቀድሞ ስለሆነ እነርሱ ሲጠይቁ መደቡ አልቋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ ጎረቤት ቡና ጠርቶ፣ እድር ገብቶ፣ ቅርጫውን ያኔ ማንሣት ይገባል።

ሌላው ምልክት ይበልጥ ስውር ነው። ታኅሣሥ እንደገባ እኔና ባለቤቴ በበርበሬ መጠን፣ በመጋረጃ ቀለም፣ በማይረባ ነገር ሁሉ መነታረክ ጀመርን። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነበር፤ እኔ ለእናቴ፣ እርሱም ለእናቱ የመጀመሪያውን ገና ቃል ገብተንላቸው ኖሯል፤ ሁለታችንም ለመናገር ፈርተን ዝም ብለናል። ስንነጋገር መፍትሔው ቀን መቁጠሪያው ላይ ተገኘ። ከገና እስከ ጥር 11 ያለው ጊዜ 12 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የእርሱ ወገን ለገና፣ የእኔ ወገን ለጥምቀት ተጠሩ፤ ለሚመጣው ዓመት ተራው ይገላበጣል። ለእናቴ የነገርኳት እኔ፣ ለእናቱም የነገራቸው እርሱ ነው፤ ይህን መልእክት አማች ቢያደርሰው ቅሬታው በአማች ላይ ይቀራል። ወጪውንም አብሮ ማስላት ይገባል፤ ጥር የሰርግ ወር በመሆኑ በገና ኪሱን ባዶ ያደረገ ሰው ለሰርግ ይበደራል።

እንግዶች ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት ሲይዛቸው

ይህ ከሁሉም ዘግይቶ የሚመጣ ስለሆነ ከበዓሉ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ከደጋ መጥቶ የነበረ ዘመድ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ቁርጥማት ያዘኝ ብሎ ይደውላል፤ ያለበት አገር ብርዳም ስለሆነ ጉንፋን መስሎት ይተኛል። የጣና ዳርቻ የወባ አካባቢ ነው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራትም ዋናዎቹ ናቸው። ወባ ትንኝ ነክሳ ሕመሙ እስኪጀምር አብዛኛውን ጊዜ ከ7 ቀን እስከ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። በደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ሰውነቱ በሽታውን ስለማያውቀው ይጠናበታል።

አዲስ ቤት ለዚህ የራሱ ምክንያት አለው። በእኛ ግቢ ለሲሚንቶ ማጠጫ የተቆፈረ ጉድጓድና ሁለት ክፍት በርሜሎች ውኃ እንዳቆሩ ነበሩ፤ ባለቤቴ ባትሪ አብርቶ ሲያይ የወባ ትንኝ ትሎች ከውኃው ወለል ተጋድመው ይንቀሳቀሱ ነበር። ጉድጓዱን በአፈር ደፈንነው፣ በርሜሎቹንም ገለበጥናቸው። ለእኛ አልጋ አጎበር ነበረን፤ ሳሎን ለተነጠፈው የእንግዳ ፍራሽ ግን አላሰብንም ነበር። እንግዳ ከመጥራት በፊት በፍራሹ ቁጥር ልክ አጎበር ይዘጋጅ፤ በሚስማር የሚሰቀልበትንም ቦታ ቀን በብርሃን መምረጥ ይቀላል።

እንግዳው ከሄደ በኋላ ትኩሳት ከያዘው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን እንዲመረመር ንገሩት። መድኃኒቱ እንደ ወባው ዓይነት ስለሚለያይ ከሌላ ሰው የተረፈውን ክኒን አይዋጥ። ሐኪሙ ፊትም አስቀድሞ የሚናገረው «ለጥምቀት ባሕር ዳር ነበርኩ» የሚለውን ይሁን፤ በደጋ ያለ ሐኪም ይህን ካልሰማ ወባን ላይጠረጥር ይችላል። እኛ አሁን እንግዶቻችንን ከሸኘን በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ለእያንዳንዳቸው እንደውላለን።